ሽበት ያጠቁራል የተባለው ሥር
የመድኃኒት ዓምድ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች የሚበዙት ስለ አንድ ሥር ናቸው፤ ስለ ሄ ሾው ዉ። ቻይና የምትኖሩ አንባቢዎች ይህን ሥር ከዕፅ መደብርም፣ ከመንገድ ሻጭም፣ ከስልክ ገበያም፣ ከአማት ወጥ ቤትም ታገኙታላችሁ። አብዛኞቻችሁ ከእሱ የምትፈልጉት ያው ጥቁር ፀጉር ነው። ስለዚህ የወሩን ዓምድ ሙሉውን ሰጥቼዋለሁ። የመጀመሪያዋ ጠያቂ ጉዳይ መጽሔቱ እስኪታተም የሚጠብቅ ስላልነበረ ለእሷ አስቀድሜ በግል ጽፌላታለሁ። መልሱን እዚህ የማወጣው በእሷ ፈቃድ ነው።

ጥያቄ፦ «36 ዓመቴ ነው፤ ጓንግዡ ውስጥ ልብስ እነግዳለሁ። ፀጉሬ ገና በሠላሳዎቹ መጀመሪያ መሸበት ጀመረ። አጠገቤ ሱቅ ያላት ቻይናዊት የሄ ሾው ዉ ዱቄት ከጥቁር ሰሊጥ ጋር በሞቀ ውኃ በጥብጠሽ ጠዋትና ማታ ጠጪ ብላኝ አምስተኛ ሳምንቴን ይዣለሁ። ፀጉሬ ላይ ለውጥ አላየሁም። ሰሞኑን ግን በጣም ይደክመኛል፣ ምግብ ያስጠላኛል፣ ሽንቴም ጠቁሯል። ጎረቤቴ ‹መርዙ እየወጣልሽ ነው፣ እንዳታቋርጪ› ትለኛለች። ልቀጥል?»

መልስ፦ እህቴ፣ አትቀጥዪ። ዱቄቱን ዛሬውኑ አቁሚ። የተረፈውን ግን አትድፊው፤ ከነማሸጊያው ይዘሽ ሆስፒታል ሂጂ። የሚያስፈልግሽ የጉበት የደም ምርመራ ነው፤ እዚያ «ጋን ጎንግ» ይሉታል። ለሐኪሙ «ሄ ሾው ዉ አምስት ሳምንት ጠጥቻለሁ» በይው፤ ወዲያው ይገባዋል። ከመሄድሽ በፊት በቀን ብርሃን መስታወት ፊት ቆመሽ የዓይንሽን ነጭ ክፍል እዪው። ቢጫ ሆኖ ካገኘሽው፣ የሚያስመልስሽ ከሆነ፣ ወይም ሐሳብሽ መደነጋገርና እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት ከጀመረሽ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ግቢ፤ የተመላላሽ ተራ አትጠብቂ።

ውጤቱ እስኪታወቅ መጠጥ አትቅመሺ። ድካሙን ጉንፋን ነው ብለሽም የጉንፋን መድኃኒት እንዳትወስጂ። ቻይና ውስጥ የዕፅ መድኃኒት ተብለው በከረጢት ከሚሸጡት የጉንፋን መድኃኒቶች በብዙዎቹ ውስጥ ፓራሲታሞል ተቀላቅሏል። የተጎዳ ጉበት ላይ ደግሞ እሱን መጨመር አይገባም።

ጎረቤትሽ ክፉ አስባ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ግን «መርዙ እየወጣ ነው» የሚለውን አነጋገር በሙያዬ ከምሰማቸው ሁሉ አብልጬ እፈራዋለሁ። ሰው ማቆም ባለበት ሰዓት እንዲቀጥል የሚያደርገው እሱ ነው። ሽንትሽ የጠቆረው መርዝ ስለወጣ አይደለም። ጉበት ከሐሞት ጋር ወደ አንጀት መስደድ የነበረበት ቢሊሩቢን የሚባል ቀለም መውጫ ሲያጣ ወደ ደም ይመለሳል፤ ከዚያ በኩላሊት በኩል ሲወጣ ሽንቱ እንደቆየ ሻይ ይጠቁራል። ቀለሙ ቆዳና ዓይን ላይ ሲታይ ነው እኛ የወፍ በሽታ የምንለው።

ይህ ሥር ጉበት እንደሚጎዳ ዛሬ የሚከራከር የለም። እንግሊዝ ውስጥ የመድኃኒት ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ሕዝቡን ያስጠነቀቀው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። የቻይና የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንም ራሱ እ.ኤ.አ. በ2014 ሄ ሾው ዉ ያለባቸው የሚዋጡ መድኃኒቶች ጉበት ላይ ስለሚያስከትሉት ጉዳት ለሐኪሞችና ለሕዝቡ ማሳሰቢያ አውጥቷል። ብዙውን ጊዜ ሕመሙ የሚጀምረው ሰው መውሰድ በጀመረ ከሳምንታት እስከ ጥቂት ወራት ባለው ጊዜ ነው። አብዛኛው ሰው ካቆመ በኋላ ቀስ በቀስ ይድናል፤ ጉበት የመታደስ ኃይል አለው። ጥቂቶች ግን ንቅለ ተከላ ላይ ደርሰዋል፣ የሞቱም አሉ። ድኖ፣ ረስቶ፣ እንደገና የጀመረ ሰው ደግሞ ሁለተኛው ጊዜ ከፊተኛው ሊብስበት ይችላል። ስለዚህ አንቺ ውጤትሽ ደህና ሆኖ ቢገኝ እንኳ ወደዚህ ሥር እንዳትመለሺ አደራ እልሻለሁ።

ጎረቤትሽ ለዓመታት ጠጥታው ምንም ሳትሆን ቀርታ ይሆናል። እውነቷን ነው። ብዙ ሰው ይጠጣዋል፣ ብዙ ሰው አይታመምም። የቻይና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጡት ጥናት ሥሩ ጉበታቸውን ከጎዳው ሕሙማን 45.4 በመቶ የሚሆኑት አንድ የተለየ የበሽታ መከላከያ ዘረ መል ተሸክመው ተገኝተዋል። በተራው የሃን ቻይና ሕዝብ ውስጥ ያንኑ የሚሸከመው 2.7 በመቶ ብቻ ነው። ከዚህ የምንረዳው ነገር ጉዳቱ በመጠን ብቻ እንደማይወሰን ነው፤ ለአንዷ ምንም ያላደረገው ማንኪያ ሌላዋን ይጥላል። «እንግዲያው ዘረ መሉ ከሌለብኝ ልጠጣ» የሚልም ይኖራል። ከተጎዱት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት አልነበረባቸውም፤ ስለዚህ ያም ዋስትና አይሆንም።

ወደ ፀጉርሽ ልምጣ። ፀጉር የሚሸብተው ከሥሩ ያሉት ቀለም ሠሪ ሕዋሳት ሥራቸውን ሲያቆሙ ነው። ይህ በአብዛኛው ከወላጅ የሚወረስ ነው። በአንቺ ዕድሜ ሲጀምር ግን የቫይታሚን ቢ 12 እጥረትና የእንቅርት ዕጢ ሕመም መኖር አለመኖሩን ማየት ይገባል፤ ለጉበቱ ደም ስትሰጪ እግረ መንገድሽን እነዚህንም አስመርምሪ። ሄ ሾው ዉ የሸበተ ፀጉር እንደሚያጠቁር የሚያሳይ አስተማማኝ የሰው ላይ ማስረጃ የለም።

ዝናው የመጣው ከሌላ ቦታ ነው። በታንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን የኖረ ሊ አው የተባለ ጸሐፊ እንደተረከው፣ ሄ የሚባል ልጅ ያልወለደ የ58 ዓመት ሰው ነበር። አንድ ሌሊት ሁለት ሐረጎች ሲጠላለፉ፣ ሲላቀቁ፣ ደግሞ ሲጠላለፉ አየ። ሥራቸውን ቆፍሮ ፈጭቶ ጠጣና ጎለመሰ፤ ልጆች ወለደ። የልጅ ልጁ ፀጉር እስከ እርጅናው ጥቁር ነበር ይባላል፤ ሥሩም የሚጠራው በዚያ የልጅ ልጅ ስም ነው። ከዚያ ዘመናት አልፈው በ16ኛው ክፍለ ዘመን ወራሽ አጥቶ ለተጨነቀው ለጂያጂንግ ንጉሠ ነገሥት አንድ የታዎ እምነት መነኩሴ ሄ ሾው ዉ የሚመራውን የሰባት ዕፆች ቅመም አቀረበለት። ንጉሡ ተከታትሎ ልጆች ወለደ። የዘመኑ ታላቅ የዕፅ ሊቅ ሊ ሺጄን ሥሩ በመላ አገሪቱ የተስፋፋው ከዚያ ወዲህ ነው ብሎ ጽፏል። እኔ ይህን ታሪክ እወደዋለሁ፤ ስማርም ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ግን ያ ንጉሥ ስንት ሐኪም ዙሪያውን እንደነበረው፣ ቅመሙም ስንት ሌላ ዕፅ እንደነበረበት ልብ በይ። አንቺ የጠጣሽው ማን እንደፈጨው የማይታወቅ ዱቄት ነው።

ጥያቄ፦ «ቼንግዱ ውስጥ የባህላዊ ቻይና ሕክምና ተማሪ ነኝ። ጥሬው ሄ ሾው ዉ እንጂ የተሠራው ጉበት አይጎዳም የሚል ነገር ከተማሪዎች እሰማለሁ። እውነት ነው? ልዩነታቸውስ ምንድን ነው?»

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ደስ እያለኝ የምመልሰውም ይህን ነው፣ ምክንያቱም የዚህ ሥር ሙያ ያለው አሠራሩ ላይ ነው።

ሄ ሾው ዉ ሩባርብ ከሚባለው ተክል ጋር አንድ ቤተሰብ የሆነ ሐረግ ነው። ቅጠሉ የልብ ቅርጽ አለው፣ አበባው ነጭና ደቃቅ ነው። የሚቆፈረው በመጸውና በክረምት ቅጠሉ ሲረግፍ ነው፤ በዚያ ጊዜ ኃይሉ ወደ ሥሩ ወርዷል ይባላል። በብዙ የደቡብ ክፍለ ሀገሮች ይበቅላል፤ ጓንግዶንግ ውስጥ በሺ ወንዝ ዳር ያለችው የደቺንግ ወረዳ ሥር ግን ከጥንት ጀምሮ ተመራጭ ነው። ጥሬው ሥር ሆድ የሚያስቀምጥ ነው። እንደ ሩባርብ ሁሉ ኢሞዲንና መሰሎቹ አንትራኪኖን የሚባሉ ንጥረ ነገሮች ስላሉበት አንጀት ያንቀሳቅሳል፤ በባህሉም ለድርቀትና ለእብጠት ይታዘዝ ነበር። ጉበትና ኩላሊትን ይመግባል፣ ደም ይጨምራል፣ ፀጉር ያጠቁራል የሚባለው ጥሬው ሳይሆን የተሠራው ነው። ስለዚህ ለፀጉር ብሎ ጥሬውን የሚጠጣ ሰው በባህሉ በራሱ መመዘኛም ተሳስቷል።

አሠራሩን የቻይና ፋርማኮፒያ፣ ማለትም የአገሪቱ የመድኃኒት ደረጃ መጽሐፍ፣ በዝርዝር ያስቀምጠዋል። ለ100 ኪሎ የሥር ክትፍ 10 ኪሎ ጥቁር አኩሪ አተር ያስፈልጋል። አኩሪ አተሩ አራት ሰዓት ያህል ይቀቀላል፤ 15 ኪሎ ያህል ጭማቂ ይወጣዋል። አተላው እንደገና ሦስት ሰዓት ተቀቅሎ ሌላ 10 ኪሎ ይጨመራል። ሥሩ በዚህ ጭማቂ ይታሻል፤ ከዚያ ብረት ባልሆነ ዕቃ ውስጥ ጭማቂውን ጠጥቶ እስኪጨርስ በዝግታ ይበስላል፣ ወይም ከውስጥም ከውጭም ጥቁር ቡናማ እስኪሆን በእንፋሎት ይታጠናል። የድሮዎቹ ባለሙያዎች ዘጠኝ ጊዜ አጥነው ዘጠኝ ጊዜ ያሰጡት ነበር። ጓንግዶንግ ስማር አንድ ማዘጋጃ ቤት ለልምምድ ገብቼ ይህን አይቻለሁ። እንፋሎቱ መጀመሪያ መራራ ነው፤ በኋላ እየጣፈጠ ይሄዳል። አዛውንቱ ባለሙያ ሰዓት ሳያዩ በማሽተት ብቻ ክዳኑን የሚያነሡበትን ጊዜ ያውቁ ነበር። እንዲህ ያለ እጅ አከብራለሁ።

ሲበስል በውስጡ የሚሆነው ነገር ይኸው ነው፦ ከስኳር ጋር የተጣመሩት አንትራኪኖኖች ይፈርሳሉ፣ የማስቀመጥ ኃይሉ ይደክማል። ስቲልቢን ግላይኮሳይድ የተባለው ዋና መለያ ንጥረ ነገርም ይቀንሳል። ለዚህ ነው ፋርማኮፒያው ከጥሬው ቢያንስ 1.0 በመቶ ሲጠይቅ ከተሠራው 0.70 በመቶ የሚበቃው። የቀን መጠኑም ይለያያል፤ ጥሬው ከ3 እስከ 6 ግራም፣ የተሠራው ከ6 እስከ 12 ግራም ነው።

እንግዲህ የሰማኸው ነገር ግማሹ እውነት ነው። በደንብ የተሠራው ከጥሬው ይቀላል። አይጎዳም ማለት ግን አይደለም፤ የተሠራውን ብቻ ወስደው ጉበታቸው የታመመ ሰዎች በሕክምና ጽሑፎች ተመዝግበዋል። እንዲህ ብለህ ለጓደኞችህ ንገራቸው፣ ወደፊት መድኃኒት የምታዙት እናንተ ናችሁና። በተረፈ ሁለት ነገር ልጨምርልህ። አንደኛ፣ ክትፉን በዓይን መለየት ትችላለህ። ጥሬው ፈዘዝ ያለ ቀይ ቡናማ ሆኖ ዱቄት ዱቄት ይላል፤ የተሠራው ወደ ጥቁር ያደላ፣ ጠንካራና ሲሰበር የሚያብረቀርቅ ነው። ተፈጭቶ ከሰሊጥ ጋር ከተቀላቀለ በኋላ ግን ማንም አይለየውም፤ ዱቄቱን የምጠላው ስለዚህ ነው። ሁለተኛ፣ ቀቅሎ መጠጣትና ዱቄቱን መዋጥ አንድ አይደሉም። የቀቀለ ሰው ውኃ የማይወስደውን ሁሉ ከአተላው ጋር ይጥላል፤ ዱቄት የዋጠ ግን ሥሩን እንዳለ ነው የዋጠው።

ጥያቄ፦ «ከስልክ ገበያ የሄ ሾው ዉ እንክብል ገዛሁ። ሣጥኑ ላይ ባርኔጣ የሚመስል ሰማያዊ ምልክት አለ። መንግሥት ያጸደቀው መድኃኒት ነው ማለት ነው?» (ከሼንዠን)

መልስ፦ አይደለም። ሰማያዊው ባርኔጣ የጤና ምግብ ምልክት ነው። መድኃኒት ቢሆን ኖሮ «ጉዎ ያው ጁን ዝ» የሚል ፈቃድና ከአጠገቡ ዜድ ፊደልና ቁጥር ይኖረው ነበር። የጤና ምግብ በሽታ አድናለሁ ማለት አይፈቀድለትም።

በሄ ሾው ዉ ላይ ደግሞ ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተለየ ደንብ አለ። በጤና ምግብ ውስጥ የጥሬው የቀን መጠን ከ1.5 ግራም፣ የተሠራው ከ3.0 ግራም ማለፍ የለበትም። ይህ ለመድኃኒት ከተፈቀደው በጣም ያነሰ ነው፤ ሐኪም ሳያየው የሚወሰድ ስለሆነ ነው። ጉበቱ የታመመ ወይም ከቤተሰቡ የጉበት ሕመም ያለበት ሰው እንዳይወስደው፣ ለረጅም ጊዜና ከመጠን በላይ እንዳይወሰድ፣ ጉበት ከሚጎዳ መድኃኒት ጋር እንዳይቀላቀል፣ የጉበት ምርመራም እንዲደረግ ማሸጊያው ላይ መጻፍ አለበት። ቻይንኛ የሚያነብ ሰው ያንብብልህ። ይህ ጽሑፍ ከሌለበት ዕቃውን አትመነው። ካለበትም እስኪ የተጻፈውን ሁሉ አንብበህ ለፀጉር ሲባል ይህ ይገባ እንደሆነ ራስህን ጠይቅ።

ጥያቄ፦ «ሻምፑውስ? ሄ ሾው ዉ ያለበት ሻምፑ እጠቀማለሁ።»

መልስ፦ በጭንቅላት ታጥበሽ የምታለቅልቂው ነገር ሲዋጥ እንደሚያደርገው ጉበት ይጎዳል ብዬ አልሰጋም። ሽበት ያጠፋል ብለሽም አትጠብቂ። ራስሽን ካላሳከከሽ ታጠቢበት።

ጥያቄ፦ «ባለቤቴ የጓንግዶንግ ልጅ ነው። ከወለድኩ ሁለት ሳምንቴ ነው፤ አማቴ እኛ ጋ መጥተው ያርሱኛል። በቻይና ልማድ ‹ዙዎ ዩዌዝ› የሚሉትን አንድ ወር እያስጠበቁኝ ነው። በየቀኑ ዶሮ ከሄ ሾው ዉ ጋር በሸክላ ድስት ይቀቅሉልኛል፤ ደም ይተካል፣ የሚረግፈውን ፀጉር ይመልሳል ይላሉ። አጠባለሁ። የሕፃኗም ሆድ ልል ልል ይላል። እምቢ ብላቸው እንዳይከፋቸው ፈራሁ።»

መልስ፦ እንኳን ማርያም ማረችሽ እህቴ። በመጀመሪያ አማትሽን እንዳመሰግናቸው ፍቀጂልኝ። በሸክላ እንጂ በብረት አለመቀቀላቸው የሚያውቁትን ሥራ እንደሚሠሩ ያሳያል፤ ይህ ሥር ታኒን ስላለበት ብረት ሲነካው ይጠቁራል፣ ጣዕሙም ይበላሻል። ልጅ የወለደችን ሴት እንዲህ የሚያርስ አማት ማግኘት ትልቅ ነገር ነው።

ሾርባውን ጠጪ፤ ሥሩ ግን ይቅር። ቅድም የነገርኩት ጉበት ላይ የሚያደርሰው ጉዳት አራስ አይመርጥም። በተጨማሪ የሚያስቀምጡት አንትራኪኖኖች ወደ ጡት ወተት ሊያልፉ ይችላሉ። የሕፃን ሆድ የሚላላበት ምክንያት ብዙ ነው፣ ጡት የሚጠባ ልጅ ሰገራም በተፈጥሮው ልል ነው፤ ስለዚህ በዚህ ነው ብዬ አልፈርድም። ግን ሥሩ ቀርቶ ሆዷ ሲረጋ ካየሽ መልሱን አገኘሽ። ካልረጋ፣ ወይም ጡት አልይዝም ካለች፣ ወይም ሽንት የምታርስበት ዳይፐር ካነሰ ሳትውዪ ሳታድሪ ለሕፃናት ሐኪም አሳዪአት። የሚረግፈው ፀጉርሽ ደግሞ ከወሊድ በኋላ የሚመጣ የታወቀ ነገር ነው፤ በእርግዝና ጊዜ ሳይረግፍ የቆየው አንድ ላይ ሲለቅ ነው። ዕፅ ባይወሰድለትም በወራት ውስጥ ይመለሳል።

እንዴት ትነግሪያቸዋለሽ? አንቺ አትንገሪያቸው፤ ልጃቸው ይንገራቸው።  «ማ፣ ሐኪሙ ጡት እስክታስጥል ሄ ሾው ዉ እንዳትጠጣ ብሏል» ይበላቸው። «አይጠቅምም» አይበል፤ እሳቸው ከእናታቸው የተማሩትን በአንድ ቃል ማፍረስ አያስፈልግም። ቀዩ ቴምር፣ ዝንጅብሉ፣ ዶሮው በሾርባው ውስጥ ይቆዩ። እሳቸውም ራሳቸው ሥሩን የሚጠጡ ከሆነ፣ በተለይ የሚውጡት ሌላ መድኃኒት ካለ፣ ልጃቸው ይዟቸው ሄዶ ጉበታቸውን ያስመርምራቸው። ይህንን እንደ ምክር ሳይሆን እንደ ክብር ነው የሚያዩት፤ ልጅ እናቱን ሐኪም ቤት ሲወስድ እዚያም እንደኛው ደስ ይላል።

ጥያቄ፦ «እንቅልፍ እምቢ ብሎኝ አንድ ባህላዊ ሐኪም ‹ዬ ጂያው ተንግ› ከሌሎች ዕፆች ጋር አዘዙልኝ። የሄ ሾው ዉ ሐረግ ነው ሲሉኝ ደነገጥኩ።»

መልስ፦ የዚያው ተክል ግንድ ነው፤ ለእንቅልፍ የሚታዘዘውም እሱ ነው። የፋርማኮፒያው መጠን ከ9 እስከ 15 ግራም ነው። አይተው፣ ጠይቀው፣ ዳብሰው ያዘዙልህ ሐኪም ካሉ ከገበያ ከገዛ ሰው ጋር አንድ አይደለህም። ሆኖም ከዚህ በፊት ጉበትህን አሞህ የሚያውቅ ከሆነ፣ ወይም ሥሩ አንድ ጊዜ ጎድቶህ ከሆነ ሂድና ንገራቸው፤ ሌላ ይቀይሩልሃል። እኔ በእነሱ ቦታ ብሆን ሥሩ የጎዳውን ሰው ሐረጉንም አላስነካውም።

ጥያቄ፦ «ዪዉ ውስጥ ነጋዴ ነኝ፤ ዕድሜዬ ወደ ስልሳ ነው። ለሥራ ኩንሚንግ ሄጄ የግንባታ ሠራተኛ የሚመስሉ ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ አገኙኝ። መሠረት ሲቆፍሩ ያገኙት የሺህ ዓመት ሄ ሾው ዉ ነው ብለው ወንድና ሴት የሚመስሉ ሁለት ሥሮች አሳዩኝ፤ ራስ፣ እጅ፣ እግር፣ ፊት ሳይቀር አላቸው። በ3,000 ዩዋን ገዛኋቸው። ለባለቤቴና ለራሴ ልቀቅላቸው አስቤ ነበር። እርስዎ ምን ይላሉ?»

መልስ፦ ወንድሜ፣ እባክዎ አይቀቅሏቸው። የተሸጡልዎት ሐሰተኛ ናቸው። ይህ ማታለያ በቻይና ከተሞች የቆየ ነው፤ ታሪኩም ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፦ የጉልበት ሠራተኛ፣ ቁፋሮ፣ ያልታሰበ ሀብት፣ ዋጋውን የማያውቅ ሻጭ። ሰው የሚመስል ሄ ሾው ዉ የበላ ዕድሜው ይረዝማል የሚለውን የጥንት እምነት ነው የሚነግዱበት።

አሠራሩን ልንገርዎት። ሌላ ርካሽ ሥር ይወስዳሉ፤ ብዙውን ጊዜ የያም (የቦዬ) ዓይነት ወይም የሙዝ ተክል ግንደ ሥር ነው። ገና ሲያድግ በሰው ቅርጽ ቅርፊት ውስጥ ያስገቡታል ወይም በቢላዋ ይቀርጹታል። ከዚያ አናቱ ላይ እውነተኛ የሄ ሾው ዉ ሐረግ ይሰኩበታል፤ ቅጠሉ እውነተኛ ስለሆነ ተክሉን የሚያውቅ ሰው እንኳ ይሳሳታል። ሐረጉን በጣትዎ ያዙና በቀስታ ይሳቡት፤ የተሰካ ከሆነ ይነቀላል።

ከዚያ አንዱን በቢላዋ አግድም ይቁረጡት። ተማሪ ሳለሁ ከዕፅ ማከማቻው ፊት ቆሜ ስንት መሳቢያ ስከፍት የኖርኩ ሴት ነኝ፤ ከሥሮች ሁሉ ቆርጬ ሳየው የማይሰለቸኝ ሄ ሾው ዉ ነው። የእውነተኛው ቁራጭ መሐል ላይ ካለው ዋና ክብ ሌላ፣ ከቅርፊቱ ሥር ዙሪያውን ከ4 እስከ 11 የሚደርሱ ትንንሽ ክቦች ይደረደራሉ። ቻይናውያን የደመና ጥልፍ ይሉታል። በቅርጽ ቅርፊት ወይም በቢላዋ የሰው ፊት መሥራት ይቻላል፤ ያንን ጥልፍ ግን ማንም ሊሠራው አይችልም። ሥጋው ቀላ ያለ ቡናማ ነው፣ ሲቀምሱት ይመራል፣ አፍ ይይዛል፤ እርስዎ ግን አይቅመሱት፣ ምን እንደሆነ አናውቅምና። እውነተኛው ሥር ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር የሚረዝም፣ የተጨማደደና ቅርጽ የሌለው ጉብታ ነው። እጅና እግር ያለው፣ ወንድና ሴቱ የሚለይ ሥር ምድር አታበቅልም።

ደግሞ ልብ ይበሉ፣ እውነተኛ ሆኖ ቢገኝስ? ጥሬ ነው። በአኩሪ አተር አልበሰለም፣ መጠኑ አይታወቅም። ስልሳ የሚጠጋ ሰው፣ ምናልባት የደም ግፊት ወይም የኮሌስትሮል መድኃኒት እየወሰደ፣ ከባለቤቱ ጋር አንድ ሙሉ ሥር ቀቅሎ እንዲጠጣ እኔ አልፈቅድም። ከሐሰተኛው ይልቅ እውነተኛው ያስፈራኝ ነበር።

ገንዘብዎ የመመለሱ ነገር አስቸጋሪ ነው፤ እንዲህ ያሉ ሻጮች በአንድ ቦታ አይውሉም። ቢሆንም የከፈሉት በስልክ ከሆነ የክፍያው መዝገብ አለ። እሱንና የሥሮቹን ፎቶ ይዘው ለፖሊስ በ110 ያመልክቱ፤ የገበያ ተቆጣጣሪው የሸማቾች አቤቱታ ስልክ ደግሞ 12315 ነው። ቻይንኛው ካስቸገረዎ ዪዉ ውስጥ አብሮዎት የሚሠራ ቻይናዊ ይደውልልዎት። የተቆረጠውንም ያልተቆረጠውንም አይጣሉ፤ ለማስረጃ በወረቀት ጠቅልለው፣ ከወጥ ቤት አርቀው ያስቀምጡት።